በአንድ እግር መቆም

ወንድሜ በረዶ ላይ በወደቀ ቁጥር ይደውልልኝ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከባንክ ወጥቼ፣ ክራባቴን አላልቼ፣ ከገብርኤል ወደ ሐይቁ በሚወስደው ጎዳና ላይ ሳዘግም ስልኬ ይጠራል። «ዛሬ ስንት ጊዜ?» እለዋለሁ። «ሰባት» ይለኛል፤ «ባለፈው ሳምንት ግን ዘጠኝ ነበር።» ወንድሜ ከልጅነቱ ጀምሮ ሽንፈቱን በቁጥር መናገር ይወዳል። ባንክ መቀመጥ የነበረበት እርሱ፣ ከአገር መውጣት የነበረብኝ እኔ ሳንሆን አንቀርም እያልኩ አንዳንዴ አስባለሁ። እኔ ቁጥር የምቆጥረው ለእንጀራዬ ብቻ ነው፤ ማታ ማታ የምቆጥረው የግጥም ቀለም ነው።

ያደግነው አሞራ ገደል አጠገብ ነው። አባታችን ዓሣ አስጋሪ ነበር። ጀልባው ከእንጨት የተሠራች፣ ስንጥቋ በሬንጅ የተደፈነ፣ ያም ሆኖ ውኃ ማስገባት የማይሰለቻት ነበረች። ማታ የተዘረጋው መረብ ጎሕ ሲቀድ ይሳባል። አንዳችን መቅዘፊያ እንይዛለን፣ አንዳችን የገባውን ውኃ በጣሳ እንጠልቃለን፤ አባባ ቆሞ መረቡን ይስባል። ቆሮሶው እየተንፈራገጠ ሲመጣ፣ አልፎ አልፎም ግዙፍ አምባዛ መረቡን ሲጎትት ጀልባዋ ትንገዳገዳለች፤ አባባ ግን አይንገዳገድም። ዳር ላይ አባ ኮዳዎቹ እንደ ጡረተኛ ዳኞች ቆመው ይጠብቁናል።

ዕድሜያችን ሲደርስ እኛንም ቆመን መሳብ አስተማረን። ትምህርቱ አጭር ነበር። «ጉልበታችሁን አላሉ። ሁለቱንም እግራችሁን እኩል ውደዱ» ይለን ነበር። አንዱን እግር አብልጦ የወደደ ሰው ጀልባውን ያዘነብላል፤ ያዘነበለ ጀልባ ደግሞ መረቡንም፣ ዓሣውንም፣ ወንድምንም ለውኃ ይሰጣል። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ተነሥቶ ሐይቁ ሲሸበሸብ፣ ሁለት ልጆች እግራቸውን ከፍተው፣ ክብደታቸውን በተረከዛቸው ላይ አሳርፈው፣ ከጀልባዋ ጋር እየወጡና እየወረዱ መቆም እስኪችሉ ድረስ ይህን ትምህርት ደጋግመን ሰማነው። ተማርነውም። ዛሬ እንኳ የባንክ ወረፋ ሲረዝምና ከመስኮቱ ጀርባ መቆም ሲኖርብኝ፣ የምቆመው እንደዚያ ነው።

ሐዋሳን ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ልንገር። ወደ ሐይቃችን ጥቁር ውኃ ይገባል፤ ከሐይቃችን ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። ውኃው ከመጣ መጣ ነው፤ የሚለየን ወደ ሰማይ በመትነን ብቻ ነው። ወንድሜ የሄደውም እንደዚያ ነው፤ በአውሮፕላን። የዓሣ እርባታ ሊማር ኖርዌይ ሄደ፣ ተማረ፣ ሥራ አገኘ፣ ቀረ። የአሞራ ገደል አስጋሪ ልጅ ዛሬ በትልልቅ መረቦች ውስጥ የሚያድግ ሳልሞን ይጠብቃል። አባባ ይህን ሲሰማ «መረቡ ውስጥ ዓሣውን ራሳቸው ይጨምሩታል?» ብሎ ለረጅም ጊዜ ሳቀ።

ትሮንድሄም ላይ ሥራ በጀመረ በመጀመሪያው ክረምት ወንድሜ አንድ ነገር ተገነዘበ። ሰኞ ጠዋት ቡና ላይ የሚወራው ስለ ስኪ ነው። ቢማርካ በሚሉት ከከተማው ዳር ባለ ጫካ ውስጥ የትኛው መንገድ ጥሩ እንደሆነ፣ በረዶው ደረቅ ይሁን እርጥብ፣ ማን እስከ የት እንደሄደ ይወራል። ኖርዌጂያኖች ስለ ራሳቸው ሲናገሩ እግራችን ላይ ስኪ አስረን ነው የምንወለደው ይላሉ። ቋንቋቸውን ተምሯል፣ ምግባቸውን ለምዷል፤ ሰኞ ጠዋት ግን ዝም ብሎ ቡናውን ይጠጣል። በመጨረሻ ሌላ ሰው ተጠቅሞበት የሸጠውን አንድ ጥንድ ስኪ ገዛና ወደ ጫካው ሄደ። ከዚያ በኋላ ነው ስልኩ የጀመረው።

እዚህ ላይ ቋንቋችን ትንሽ ይቸግረኛል። እኛ በረዶ ስንል ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠርም፣ በማቀዝቀዣ የረጋውን ውኃም፣ ወንድሜ የሚወድቅበትን ነጭ ባዘቶም በአንድ ቃል እንጠራለን። አመዳይ የሚል ቃል አለን፤ ደገኞች ለውርጩ ይጠሩበታል፣ እኛ ቆላ ቀመሶቹ ግን የምናገኘው ከመጽሐፍ ቅዱስ ገጽ ላይ ነው። ወንድሜ በስልክ «አመዳዩ ዛሬ ጥሩ ነው» ሲለኝ ነቢይ የደወለልኝ ይመስለኝ ነበር።

የሚወድቅበት ምክንያት ራሱ ሲገባው ነገረኝ። በሜዳ ላይ የሚኬድበት ስኪ ቀጭንና ረጅም ነው፤ እንደ ቀስትም ጎበጥ ያለ ነው። በሁለት እግር እኩል ሲቆሙበት መሐሉ በረዶውን በደንብ አይነካም። ይህ መሐሉ ሰም ይቀባል፤ አዎ፣ ሰም። ለብርቱ ቅዝቃዜ አረንጓዴ፣ ለመካከለኛው ሰማያዊ፣ ቅዝቃዜው ወደ ዜሮ ሲጠጋ ወይን ጠጅና ቀይ። ሰውየው ሙሉ ክብደቱን በአንድ እግሩ ላይ ሲጥል ቀስቱ ይለጠጣል፣ ሰሙ በረዶውን ይነክሳል፣ እግሩም መርገጫ ያገኛል። ያን ጊዜ ገፍቶ በሌላኛው እግር ይንሸራተታል። ክብደቱን ለሁለት ከከፈለ ግን ሰሙ አይነክስም፤ ወደ ኋላ ይሾልካል፣ ይወድቃል። ወንድሜ የአባቱ ልጅ ነውና ሁለቱንም እግሩን እኩል ይወድ ነበር።

ግጥም ለሚሞክር ሰው «ሰም» የሚለው ቃል እንዲህ ከበረዶ ውስጥ ሲወጣ ምን እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። ሌሊቱን አልተኛሁም። ሲነጋ የወጣልኝ ይህ ነበር፦

ሰም የቀባ እግር በበረዶ መንገድ፣
ካልተማመነበት አይችልም መራመድ።

በስልክ አነበብኩለት። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለና «ቤት መትቷል» አለኝ፤ «ግን በዚህ ግጥም ቢማርካ ውስጥ ሁለት ሜትር አትሄድም። እስቲ መጀመሪያ ውደቅና ጻፈው።» ተቀየምኩ። እውነቱን ስለተናገረ ነው የተቀየምኩት።

ከእርሱ ጋር የሚሠራ አንድ አውስትራሊያዊ ነበር፤ በባሕር ማዕበል ላይ በጣውላ ቆሞ የሚንሸራተት፣ ሰርፈር የሚሉት ዓይነት ሰው። እርሱም በዚያው ክረምት በበረዶ ላይ በአንድ ሰፊ ጣውላ መንሸራተት ይማር ነበር። ነገሩ ቀላል ይሆንልኛል ብሎ ነበር የጀመረው፤ ምክንያትም ነበረው። የዛሬው የበረዶ ጣውላ ቅድመ አያት የባሕሩ ጣውላ ናት። እ.ኤ.አ. በ1965 ሼርማን ፖፐን የተባለ የሚሺጋን ሰው በገና ዕለት ሁለት ስኪዎችን አጣምሮ ለልጆቹ መጫወቻ ሠራ፤ ሚስቱም በረዶና ሰርፍ የሚሉትን ቃላት አዳቅላ «ስነርፈር» አለችው። ይሁንና ማዕበል ላይ ጣውላውን የሚያዞረው የኋላው እግር ነው፤ ክብደት የሚያርፈውም ወደዚያው ነው። ተዳፋት በረዶ ላይ ግን ክብደቱን ለፊተኛው እግር፣ ቁልቁል ለሚያየው እግር መስጠት ያስፈልጋል። የፈራ ሰው ወደ ኋላ ያጋድላል፤ ወደ ኋላ ያጋደለ ሰው ጣውላውን ማዘዝ ያቅተዋል። አውስትራሊያዊው «እንዳልሄድ የያዘኝ የኋላ እግሬ ነው» ይል ነበር አሉ። ሁለቱ የውኃ ልጆች ሰኞ ጠዋት ቡናቸውን አብረው እየጠጡ የሳምንቱን አወዳደቃቸውን ያወሩ ጀመር። ወንድሜ በኖርዌይ ከልቡ የሳቀው ያኔ ይመስለኛል።

ኢትዮጵያዊና ስኪ የሚሉት ሁለት ቃላት አብረው ሲነገሩ ሮቤል ተክለማርያምን አለማንሣት አይቻልም። አዲስ አበባ ተወልዶ ልጅ ሳለ ወደ አሜሪካ የሄደ፣ ስኪንም እዚያው የተማረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በጣሊያን ቱሪን በተካሄደው የክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ የመጀመሪያው ሆነ፤ ባንዲራውን ይዞ ብቻውን ገባ። በአዲስ አበባ አስፋልት ላይ ጎማ በተገጠመለት ስኪ ሲለማመድ መንገደኛው ቆሞ ያየው ነበር። እኔና ወንድሜ ያኔ ተማሪዎች ነበርን፤ ዜናውን ስንሰማ ሳቅን። አባባ አልሳቀም። «ስንተኛ ወጣ?» አለን። «ሰማንያ ሦስተኛ» አልነው። «ከኋላው ሰው ነበር?» «ነበር።» «እንግዲያው ምን ያስቃችኋል?» አለና ወደ መረቡ ተመለሰ።

ሮቤል በቱሪን የተወዳደረበት የ15 ኪሎ ሜትር ውድድር ስልቱ ክላሲክ የሚባለው፣ ያው ሰም የሚቀባበት፣ ክብደት ከእግር ወደ እግር የሚጣልበት እንደነበር የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በወንድሜ ስልክ ነው። አሸናፊው አንድሩስ ቬርፓሉ የተባለ የኢስቶኒያ ሰው ነበር። በ2010 ሮቤል በቫንኩቨር ዳግመኛ ቀርቦ 93ኛ ወጣ። የሯጮች አገር ለሰማንያ ሦስተኛ ብዙ ቦታ የላትም። እኔ ግን የመነሻ ጩኸቱን ሲሰማ፣ ሙሉ ክብደቱን በአንድ እግሩ ላይ የጣለባትን ያቺን የመጀመሪያ ቅጽበት ደጋግሜ ለማሰብ እሞክራለሁ።

በጥር ወር አንድ ማለዳ አባባ ከአልጋው ሊነሣ ሲል ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለው። ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው አሉ። ለወንድሜ ነገርኩት፤ አለቀሰ፤ ፈቃድና ገንዘብ እስኪያመቻች ግን መምጣት አልቻለም። በሳምንቱ ቅዳሜ ከሆስፒታል ወጥቼ ደጃፉ ላይ ቆሜ ሳለሁ ስልኬ ጠራ። «ዛሬ ሁለት ጊዜ ብቻ!» አለኝ።

ያልኩትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም። ከተናገርኩት በጣም ለስላሳው «አባትህ መቆም አቅቶት አንተ ስለ መንሸራተትህ ታወራኛለህ?» የሚለው ነበር። ዘጋሁበት። መልሶ አልደወለም።

ዝምታው ሦስት ሳምንት ቆየ። የመጣው ገንዘብ ብቻ ነበር። የምሠራው ከውጭ የሚላክ ሐዋላ በሚከፈልበት መስኮት ስለሆነ ስሙን ኮምፒውተሩ ላይ አየሁት፤ ክፍያውን ባልደረባዬ ፈጸመልኝ። በየቀኑ ለስንት እናትና አባት የሩቅ ልጃቸውን ገንዘብ ቆጥሬ ሰጥቻለሁ፤ ብሩን ተቀብለው ለምን እንደዚያ ፊታቸው እንደሚጠቁር አልገባኝም ነበር። የዚያን ቀን እኔም ብሩን ሁለት ጊዜ ቆጥሬ፣ ልክ ሆኖ ሳለ አንድ ነገር የጎደለው መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ባለው እሑድ አባባን ለእኅቴ ትቼ ወደ ፍቅር ሐይቅ ወጣሁ። ከተማችን ሜዳ ናት፤ አስፋልቷም ሰፊ ነው፤ እሑድ ጠዋት ልጆች ስኬቲንግ አድርገው ይንጎማለላሉ። አንድ አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው ልጅ ጫማዎቹን ደርድሮ ያከራያል። ለምን እንደቆምኩ፣ ለምንስ «በእኔ ልክ አለህ?» እንዳልኩት አላውቅም። «ጋሼ፣ ለእርስዎ?» አለና ካጠና በኋላ አንድ ትልቅ ጫማ አወጣ።

እንደ ጀልባ ቆምኩ። ጉልበቴን አላላሁ፣ እግሬን ከፈትኩ፣ ክብደቴን ወደ ተረከዜ አሳረፍኩ፣ ሁለቱንም እግሬን እኩል ወደድኩ። ጎማው ከሥሬ ወደ ፊት ሄደ፤ እኔ ወደ ኋላ ቀረሁ። አስፋልት እንደ ውኃ አይቀበልም። ልጆቹ በጨዋነት ወደ ሐይቁ ዞረው ሳቁ።

«ጋሼ፣ ወደ ኋላ አይቀመጡ» አለኝ አስተማሪዬ። «በአንዱ ይቁሙ፤ ሌላውን ያንሡት። ሙሉ ለሙሉ በአንዱ። ግማሽ ግማሽ ካደረጉት ይጥልዎታል።» ሞከርኩ፣ ወደቅኩ። በሦስተኛው በቀኝ እግሬ ላይ ሙሉ ለሙሉ ቆምኩና ግራዬን አነሣሁ። ለአንድ አፍታ፣ ምናልባት ከሦስት ሜትር ለማይበልጥ መንገድ፣ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያለ አንድ የባንክ ሠራተኛ በታቦር ተራራ ሥር ያለ ምንም ድምፅ ሄደ። በዚያች አፍታ ወንድሜ ያን ቅዳሜ ለምን ደውሎ ያንን ቁጥር እንዳለኝ ገባኝ። ሌላ የሚለው ስላልነበረው ነው። ከሁላችን ርቆ፣ በጨለማ ጫካ ውስጥ፣ ስለ አባቱ የሚያውቀው ነገር ቢኖር እንዴት እንደሚቆም ነበር፤ ስለ እርሱ ማውራት ሲያቅተው ስለ መቆም አወራኝ።

በማግሥቱ ከምሳ በፊት ፈቃድ ጠይቄ አባባን ወደ ፊዚዮቴራፒ ወሰድኩት። ባለሙያዋ ወጣት ሴት ናት። ሁለቱን አግዳሚ ብረቶች አስይዛ አቆመችው። እርሱ ጤነኛው ቀኝ እግሩ ላይ አጋደለ።

«አባቴ፣ የታመመውን ይመኑት። ክብደትዎን ይስጡት፤ ካልሰጡት አይለምድም።»

አባባ አንደበቱ ገና እየተጎተተ፣ «ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሁለቱንም እኩል ስወድ ኖሬ፣ አሁን አንዱን ምረጥ ትይኛለሽ?» አላት።

«የተጎዳው ግራው ነውና ለጊዜው ያድሉለት» አለችው እየሳቀች።

ውጭ ወጥቼ ለወንድሜ ደወልኩ። ሥራ ላይ ነበር፤ ከኋላው የሞተር ድምፅ ይሰማል። ሁለታችንም ዝም አልን። በመጨረሻ «ሁለት ጊዜ ወደቅኩ» አልኩት።

«ምን?»

«ትናንት። በስኬቲንግ። ሐይቁ ዳር።»

ያለቅሳል ወይስ ይስቃል፣ ከሞተሩ ድምፅ መለየት አልቻልኩም። «ክራባት አስረህ ነበር?» አለኝ።

ወንድሜ የመጣው ለፋሲካ ነው። ሻንጣው ውስጥ ለአባባ ወፍራም ሹራብ፣ ለእኔ ደግሞ አንዲት ትንሽ ሰማያዊ ሰም አመጣልኝ፤ የግጥም ደብተሬ ላይ አስቀምጫታለሁ፤ ሙቀታችን እያለሰለሳት ሽፋኑን አበላሽታዋለች። በሁለተኛው ቀን አባባ «ጀልባዋን አሳዩኝ» አለ። ከእኛ በኋላ የሚሠራባት ጎረቤታችን ናት ያለችው፤ አሞራ ገደል ላይ አሸዋው ላይ ተጎትታ ነበር። አባባ ምርኩዙን ለእኔ ሰጠኝና የጀልባዋን ጠርዝ ያዘ።

«ቀኝህን አንሣ፣ አባባ» አለው ወንድሜ።

«ይች ጀልባ ብታይ ምን ትለኛለች» አለ አባባ። ግን አነሣ። ግራ እግሩ ተንቀጠቀጠ፣ ጉልበቱ ላላ፣ ያዘ። እኔ እንደ ብር መቁጠር ጀመርኩ፤ ወንድሜም ተቀበለኝ። አራት ላይ ስንደርስ አባባ አንድ እጁን ከጠርዙ ላይ አነሣ።